ካሴቱን ከነትዝታው መቅዳት

በእኛ ቤት አንድ የሙሉቀን መለሰ ዘፈን ስድስት ሰከንድ ጎድሎ ነው የሚዘፈነው። ደሴ ሳለን የአባታችን የጋሼ ቴፕ ክሩን በላው። ጋሼ የተጨማደደውን በመቀስ ቆርጦ ጣለና ሁለቱን ጫፍ በእማዬ የጥፍር ቀለም አያያዘው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፋኙ የጀመረውን ስንኝ ሳይጨርስ ቀጣዩ ላይ ይገባል። አምስት ልጆች ነን፤ ያንን ካሴት እየሰማን ስላደግን ስናንጎራጉርም እዚያው ቦታ ላይ እንዘላለን። በታላቅ ወንድሜ ሰርግ ባንዱ ዘፈኑን ሲጫወተው አምስታችንም፣ ሙሽራው ጭምር፣ በአንድ አፍ ስድስት ሰከንድ ቀድመን ሄድን። እንግዳው ግራ ገባው፤ ጋሼ ግን ወንበሩ ላይ እንዳለ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው የሚጓዘው። ጋሼ የጣለው ክር እንግዲህ ወደ 29 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ከምናምን ነው። ዘፈኑን ሙሉውን ዛሬ ስልክ ከፍታችሁ ታገኙታላችሁ። የእኛን ዝላይ ግን የትም አታገኙትም። እሱ ያለው ጋሼ በብስኩት ካርቶን አድርጎ፣ በሲባጎ አስሮ ካስቀመጣቸው 47 ካሴቶች በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው አልጋ ስር ወይም ቁም ሳጥን ላይ እንዲህ ያለ ካርቶን ላላችሁ ነው። 28 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በወሩ የመጨረሻ እሁድ እህት ወንድሞቼ፣ የድሮ ባልደረቦቼና ጎረቤቶች አዲስ አበባ እኔ ቤት ይመጣሉ። እያንዳንዱ ሰው የሚወደውን አንድ ካሴት ይዞ ነው የሚመጣው። ቡና ይፈላል፣ ካሴቱ ይሰማል፣ ባለቤቱ ያወራል፣ እኔ እቀዳለሁ። ከዚያ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰውየው

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከገመድና ከማሽን ነው። እኔም እንደዚያ ጀመርኩ፤ ጋሼ በሌለበት ዘጠኝ ካሴት ቀዳሁ። ድምፁ ጥሩ ወጣ። ካሴቶቹ ሽፋን ላይ ግን ጋሼ በገዛ እጁ ቀን፣ የሰው ስም፣ አንዳንዴም አንድ ቃል ብቻ ጽፎ ነበር። አንዱ ላይ «ከወልዲያ ሲመለስ» ይላል። ማን ነው የተመለሰው? ልጠይቀው ደሴ ስሄድ ጋሼ ታሞ ነበር፤ መናገር ከብዶታል። ካሴቱን አሳየሁት። አየው፣ በጣቱ ጽሑፉን ዳሰሰው፣ ራሱን ነቀነቀ። እስከ ዛሬ ማን ከወልዲያ እንደተመለሰ አላወቅንም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በካሴቱ እርጅና ሳይሆን በባለቤቱ ዕድሜ አውጡ። በቤተሰቡ ትልቁ ሰው የሚወደው ካሴት ይቅደም። የተሻለ ገመድ እስክትገዙ፣ ጥሩ ቴፕ እስክታገኙ አትጠብቁ፤ ካሴቱን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና በተሻለ መሣሪያ መቅዳት ይቻላል።

አጠያየቁ ላይ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። «ይህን አልበም ለምን ወደዱት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «ጥሩ ዘፈን ነው» ነው፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ሰው የሚያስታውሰው ዕቃና ቦታ ነው። የት ተገዛ? ከማን ኪስ ነው የተከፈለው? በማን ቴፕ ነው መጀመሪያ የተሰማው? ማን «ዝጉት!» አለ? ድንጋይ ሲያልቅ ምን ታደርጉ ነበር? ይህቺን የመጨረሻዋን ለማንም ጠይቁ። መብራት ባልገባበት አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ በጥርሱ ነክሶ፣ ለአንድ ዘፈን የሚሆን ጉልበት ያወጣበትን ቀን ያወራላችኋል።

አንድ ጎረቤታችን አሉ፣ በደርግ ጊዜ ወጣት የነበሩ። ያመጡት የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ነው። ሥራው በመጀመሪያ በሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ የእሳቸው ግን ከሸክላው በካሴት የተቀዳ ነው፣ የሸክላው መንጫጫት ሳይቀር ይሰማል። ስለ ዘፈኑ ስጠይቃቸው «ማህሙድ ማህሙድ ነው» ብለው ዝም አሉ። «የት ነበር የምትሰሙት?» ስላቸው ግን አንድ ሰዓት አወሩ። በሰዓት እላፊ ምክንያት ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም። የካሴት ኃላፊው እሳቸው ነበሩ። ደብተር ነበራቸው፤ ምሽት ላይ የሚገባው፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚገባው፣ ሰው ሲደክመው የሚገባው ለየብቻ ተጽፏል። «እሬ መላ መላ» የሚገባው ወደ ንጋቱ ላይ፣ የቀረው ሰው ጥቂት ሲሆን ነው። «የዛሬዋን ባለቤቴን የጋበዝኳት በዚህ ነው» አሉ። ባለቤታቸው ከጎናቸው ተቀምጠዋል፤ «ሌላ ዘፈን ነበር» አሉና የዘፈኑን ስም ጠሩ። የሁለቱም ቃል ተቀድቷል። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሳ ለማስታረቅ አትቸኩሉ፤ ሁለቱም ይቀመጥ።

ሌላዋ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የአስቴር አወቀን «ካቡ» ይዛ መጣች። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው፤ እሷም መንግሥት በተለወጠ ማግስት ከጎጃም ለዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ የገባችው ያኔ ነው። በአንድ ክፍል ስምንት ልጆች ነበሩ፣ አንድ ዎክማን፣ አንድ ጆሮ ማዳመጫ። ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱን ጆሮ አንዷ፣ ሌላውን ሌላዋ ይዘው ይሰሙ ነበር። «እኔ ሁልጊዜ የግራው ነበር የሚደርሰኝ» አለች። በሁለት ስፒከር ሙሉውን ስንከፍትላት፣ ከቀኝ የሚመጣውን የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ስትሰማ ፊቷ ላይ የነበረውን ብታዩት! የምታውቀውን ዘፈን ግማሹን ገና መስማቷ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው እያወራ ካሴቱን አታቁሙ። ሙዚቃው ድምፁ ዝቅ ብሎ ይቀጥል። ትዝታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ተወዳጁ ዘፈን ላይ ሳይሆን ከሱ ቀጥሎ ያለው፣ ማንም ስሙን የማያስታውሰው ዘፈን ሲጀምር ነው። ስለዚህ ከሳይድ ኤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰሙ። እማዬ የማሪቱ ለገሠን ካሴት ስንከፍትላት ለሃያ ደቂቃ ቃል አልተነፈሰችም። እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት። ሳይድ ኤ ሊያልቅ ሲል «በእኛ ሰፈር ከዚህ ቀስ ብሎ ነው» አለችና ራሷ አንጎራጎረችው። ስልኩ ክፍት ባይሆን ኖሮ አምልጦን ነበር። ስልኩን ከተናጋሪው አፍ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ፣ ከስኒና ከረከቦት ራቅ አድርጋችሁ ነጠላ ወይም ፎጣ ላይ አስቀምጡ። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት ስኒ በተቀመጠ ቁጥር መዶሻ ይመስላል።

ቀጥሎ ካሴቱ

ሃያ ዓመት ያልተነካ ካሴት አውጥታችሁ ወዲያው ቴፕ ውስጥ አትክተቱ። መስኮት አጠገብ በብርሃን እዩት። ጥቅሉ ላይ ነጭ ዱቄት ወይም ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ያንን በላስቲክ አሽጋችሁ ለብቻው አስቀምጡት። አንዴ ቴፕ ውስጥ ከገባ ሔዱን፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን የቴፑን ክፍል፣ ያቆሽሽና ተከትሎ የሚገባውን ካሴት ሁሉ ይበክላል። ከዚያ በታችኛው ክፍት በኩል ከክሩ ጀርባ ተመልከቱ። በቀጭን ብረት ላይ የተለጠፈች ትንሽ የሱፍ ቁራጭ አለች፤ ክሩን ሔዱ ላይ የምትጫነው እሷ ናት። እሷ ከወደቀች ድምፁ ታፍኖ ይወጣል፣ ሰውም «ካሴቱ ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል። አልሞተም፤ ከማይፈለግ ካሴት ላይ አንድ ቁራጭ ወስዶ መለጠፍ ይበቃል።

የላላ ክር በእስክሪብቶ ይጠቀለላል፤ ስድስት ማዕዘን ያላት ቢክ ለዚህ የተሠራች ይመስል ልክክ ትላለች። ከላላው ሌላ ግን ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ካሴት ንብርብሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስለዚህ ከማጫወታችሁ በፊት እስከ ጫፍ ወደፊት፣ ከዚያ እስከ ጫፍ ወደኋላ አንድ ጊዜ አዙሩት። ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ላይ ተጠንቀቁ፤ ብዙ ክር በዚያው ቤት ውስጥ እንዲገባ ተብሎ ክሩ ከባለ 60ው በጣም የሳሳ ነው። ባለ 120 ከሆነማ በፍጥነት ማዞሩን ተዉት፣ ዝም ብሎ ይጫወት።

ከካሴቱ ጀርባ፣ ክሩ ከሚታይበት በተቃራኒው በኩል፣ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉ። ካልተሰበሩ ስበሯቸው። እነሱ ካሉ የመቅጃው ቁልፍ በስህተት ሲነካ ዘፈኑ ይጠፋል። ተሰብረው ቀዳዳው በወረቀት ወይም በፕላስተር ተደፍኖ ካገኛችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ ያ ካሴት ላይ አንድ ሰው ሆነ ብሎ ሌላ ነገር ቀድቶበታል ማለት ነው። ጥርሱ የተሰበረ ሆኖ ከፋብሪካ የሚመጣው የታተመ ዘፈን ነው፤ ወረቀት የጠቀጠቀው የቤታችሁ ሰው ነው።

የተበጠሰ ክር ካለ፣ ካሴቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ አምስቱን ብሎኖች ፈትታችሁ ጠረጴዛ ላይ ሳይገለበጥ ክፈቱት፤ ውስጡ ያለውን አቀማመጥ መጀመሪያ በስልክ ፎቶ አንሱት። ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ደርባችሁ በሰያፍ ቁረጡ፣ ጫፍ ለጫፍ አግጥሙ፣ በጀርባው በኩል ለዚሁ በተሠራ ማጣበቂያ ለጥፉ። የቢሮ ፕላስተር በሙቀት ይቀልጥና ከጎን ያለውን ንብርብር ያጣብቃል። የጋሼ የጥፍር ቀለም ከ30 ዓመት በላይ ይዟል፤ ቢሆንም አትሞክሩት፣ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ሔዱን ይጭራል።

ቴፑ ለምን ክር ይበላል?

ይህን በደንብ ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ካሴት የሚጠፋው በእርጅና ሳይሆን በቴፑ ነው። ክሩን በእኩል ፍጥነት የሚስበው አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ ክሩን ዘንጉ ላይ የሚጫነው ደግሞ ትንሽ የጎማ ተሽከርካሪ ነው። ሁለቱ ተባብረው ክሩን ይለቃሉ፣ ከዚያ በስተቀኝ ያለው ጥርስ ዞሮ ይሰበስበዋል። ይህንን ጥርስ የሚያዞረው ኃይል የሚመጣው በቀጭን የጎማ ቀበቶ ነው። ቀበቶው ሲያረጅ ይላላል። ያኔ ዘንጉ ክሩን መልቀቁን ይቀጥላል፣ ሰብሳቢው ግን ቆሟል ወይም ዘግይቷል። የተለቀቀው ክር የሚሄድበት ሲያጣ ጎማው ላይ ይጠመጠማል። ቴፑ በላው የምንለው ይህንን ነው።

ስለዚህ የአባታችሁን ቴፕ ከመጣል ይልቅ ቀበቶውን አስቀይሩ። መርካቶም ፒያሳም ይህን የሚሠሩ ቴክኒሻኖች አሉ። ከዚያ ሔዱን፣ ዘንጉንና ጎማውን በአልኮል በነከራችሁት የጆሮ ጥጥ ጥረጉ፤ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ይሻላል፣ ውሃው ትንሽ ነውና ቶሎ ይደርቃል። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ያ ከክሮቹ የረገፈ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው፤ ዘፈኑ የተጻፈው በእሱ ላይ ነው። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት፣ ከየአምስት ስድስት ካሴቱ በኋላም እንዲሁ። የመጀመሪያው ሙከራ ደግሞ ቢጠፋ በማይቆጭ ካሴት ይሁን።

ሁሉ ተሟልቶ ድምፁ አሁንም ከታፈነ፣ ሔዱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን መፍቻ በጣም በትንሹ፣ ከአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል፣ ግራና ቀኝ አድርጉት። የድራሙ ሲምባል ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ ተዉት። የድሮው ካሴት የተቀዳበት ማሽን ሔዱ ትንሽ ዘመም ብሎ ስለነበር ነው፤ የእናንተ ሔድ እንደ እሱ መዝመም አለበት። ሙዚቃ ቤት የተቀዱ ካሴቶች ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል።

ቀረጻው

ስልክን ስፒከር አጠገብ ይዞ መቅዳት ለትዝታው እንጂ ለዘፈኑ አይሆንም። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ላፕቶፕ ይግባ። የአብዛኞቹ የዛሬ ላፕቶፖች ቀዳዳ ድምፅ የሚቀበለው እንደ ማይክ ብቻ ስለሆነ ግራና ቀኙን ለይቶ አይቀበልም፤ ባልደረባዬ ዳግመኛ በአንድ ጆሮ እንድትሰማ አትፍረዱባት። ለመስመር ግቤት («ላይን ኢን») የሚሆን፣ ግራና ቀኙን ለይቶ የሚቀበል ቀዳዳ ያለው ትንሽ የዩኤስቢ የድምፅ ካርድ ግዙ። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ነው፣ በነፃ ይገኛል። በስቴሪዮ፣ በ44,100 ሄርዝ አድርጉ። የካሴቱን ጩኸት የበዛበት ቦታ አጫውታችሁ መለኪያው ከፍ ሲል ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል (-6) ገደማ ላይ እንዲቆም የቴፑን ድምፅ አስተካክሉ። ከዚያ በኋላ አትንኩት።

አንዱን ሳይድ ሳታቋርጡ በአንድ ፋይል ቅዱ። ዘፈን በዘፈን አትቆራርጡ። በሁለት ዘፈን መካከል ያለው ዝምታም የአልበሙ ነው፤ ያን ካሴት እየሰማ ያደገ ሰው የቀጣዩን ዘፈን መግቢያ የሚያዜመው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ፋይሉን ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዋቭ አስቀምጡ፤ የአንድ ሰዓት ካሴት 600 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። የጋሼ 47 ካሴት 28 ጊጋ ያህል ሆነ፣ ባለ 64 ፍላሽ ተረፈው። ሁለት ፍላሽ ላይ አድርጉና አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጡ፤ የእኛ ሁለተኛው ደሴ እህቴ ጋ ነው። ተጨምቆ ትንሽ ቦታ የሚይዘው ኤምፒስሪ የሚያስፈልገው ትዝታውን ለሰው ለመላክ ብቻ ነው። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፋይል ላኩ።

የጀርባ ድምፅ ማጽጃ አትጠቀሙ። መጀመሪያ ላይ አምስት ካሴት እንዲቀዱልኝ ለአንድ ሱቅ ሰጥቼ ነበር። በሳምንቱ ፍላሽ ሰጡኝ። ሹክሹክታው ሁሉ ጠፍቷል፤ ከሱ ጋር የሳክስፎኑ ትንፋሽ፣ የዘፋኙ ከንፈር ድምፅ አብሮ ጠፍቷል። ዘፈኖቹ ተቆራርጠዋል፣ የአንዱ ሳይድ ቢ የለም፣ የሁለቱ ሽፋን ጠፍቷል። ከሽፋኖቹ በአንዱ ጀርባ ላይ የጋሼ ጽሑፍ ነበር። ካሴቱን ለባለሙያ መስጠት ካለባችሁ ሽፋኑን ቤት አስቀሩ፣ «አታጽዱ፣ አትቁረጡ» ብላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።

ሽፋኑን የፊትም የኋላም፣ የውስጡንም ፎቶ አንሱ። የግጥምና የዜማ ባለቤቶች፣ የባንዱና የሙዚቃ ቤቱ ስም ያለው እዚያ ነው። የይልማ ገብረአብ ግጥም፣ የአበበ መለሰ ዜማ፣ የሮሃ ባንድ አጃቢነት ስንት ሽፋን ላይ እንዳለ ሳይ ነው የልጅነቴን ሙዚቃ ማን እንደሠራው የገባኝ። ስልክ ላይ ያለው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ የዘፋኙን ስም ብቻ ነው የሚነግረን። ባዶ ካሴት ላይ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ በእጅ የተጻፈው የዘፈን ዝርዝር አለ። የተሳሳተ ርዕስም ቢሆን እንዳለ ይቀመጥ። ጋሼ የአንዱን ዘፈን ስም ሳያውቀው «የእሷ» ብሎ ነው የጻፈው።

ደግሞም «ይሄማ ማንም አይፈልገውም» ብላችሁ ካሴት አትጣሉ። ኃይሉ መርጊያ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው «ሸሞንሟናዬ» እ.ኤ.አ. በ1985 በካሴት ነበር የወጣው። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባህር ዳር ላይ አገኘው። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመና ኃይሉ በስተርጅና ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ።

ማካፈል

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የታተመን ሥራ ለግል መጠቀሚያ በአንድ ቅጂ ማባዛትን ይፈቅዳል። ዘፈኑን ለሕዝብ መልቀቅ ግን የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ባለቤት አለው፣ አብዛኞቹም ዛሬ በሕይወት ያሉ ወይም ቤተሰባቸው ያለ ነው። ከዘፈኑ ዕድሜውን ሙሉ ምንም ሳያገኝ የቀረ ሙዚቀኛ ስንት ነው! እኛ ዘንድ ለሌላ የሚሄደው ትዝታው ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ከፈቀደ። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜና ሪያድ ያለችው እህቴ በቴሌግራም ይሰሙታል፣ የራሳቸውንም ቀድተው ይልካሉ። ትዝታውን በአንድ ፋይል፣ ዘፈኑን በሌላ ለይታችሁ ያዙ፤ ቁጥራቸው ግን አንድ ይሁን። እኔ ካሴቱ ላይ በእርሳስ ቁጥር እጽፋለሁ፤ ፋይሉም፣ ፎቶውም፣ ትዝታውም በዚያው ቁጥር ይጀምራል።

ሳይድ ቢ ካለቀ በኋላ

የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ቀረጻውን አታቁሙ። ቴፑ ራሱ «ቀጭ» ብሎ እስኪቆም ይሂድ።

ቁጥር 26 የኤፍሬም ታምሩ ካሴት ነው፣ ጋሼ ደሴ ሙዚቃ ቤት ያስቀዳው፤ ጥርሱ ቦታ ላይ ወረቀት ተጠቅጥቋል። ሳይድ ቢው ከ26 ደቂቃ በኋላ ያልቃል። የዚያን እሁድ ሰው ወሬ ስለያዘ ሳላቆመው ቆየሁ። ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ አንድ የሚያጉረመርም ድምፅ፣ ከዚያ የሴት ድምፅ፣ በሹክሹክታ፦ «...ለእትዬም፣ ከታች ላሉትም፣ ለቧንቧው ሰፈር ሰዎችም አንድ በአንድ ሰላም በሉልኝ...»

እታለም፣ አክስቴ፣ አጠገቤ ስኒ ይዛ ተቀምጣለች። ስኒውን መሬት አስቀመጠችው። በ1985 ዓ.ም. ከጅዳ የላከችው ደብዳቤ ነው። ያኔ ጽሕፈት የሚከብደው ሰው ካሴት ላይ ተናግሮ ለሚመጣ ሰው ይሰጥ ነበር። ባዶ ካሴት ውድ ስለነበር ጋሼ ደብዳቤውን ደጋግሞ ከሰማው በኋላ ዘፈን አስቀዳበት። የተረፈው ዘፈኑ ያልደረሰበት አራት ደቂቃ ነው።

እኔ ያንን ጉርምርምታ የክሩ ብልሽት መስሎኝ «ይሄንን ድምፅ ላጥፋው ይሆን?» አልኩ። «ተይው» አለች። «ልብስ ማጠቢያው ነው። የቤቱ ሰዎች ስናገር እንዳይሰሙኝ ሌሊት እሱን ከፍቼ ነው የቀዳሁት። ሲጨምቅ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ሲቆም ዝም እላለሁ።» እውነትም አራቱን ደቂቃ መልሰን ስንሰማው ማሽኑ ሲበረታ ሹክሹክታዋ ይበረታል፣ ሲቀዘቅዝ ይቋረጣል። ከዚያ ስልኩን ወደ እሷ አስጠጋሁት፤ ኤፍሬም የተቀዳበትን 26 ደቂቃ፣ የምታስታውሰውን ያህል፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችን። የላከችው ጨርቅ ስንት ክንድ እንደነበር፣ በማን እጅ እንደላከችው፣ የስንቱን ሰው ስም እንደጠራች። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ቀዘቀዘ፣ የቀዳ ሰው አልነበረም።

ፋይሉን እንዲህ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት፦ 26፣ ሳይድ ቢ፣ የእታለም ደብዳቤ፣ ልብስ ማጠቢያው አይነካ።